ልብ ወለድ ጀምራችሁ መሃል ላይ ለምትተዉ

ዕልባቱ ገጽ 40 ወይም 60 ላይ እንደተሰካ መደርደሪያ ላይ የቀረ ልብ ወለድ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚያሳድር የደረሰበት ያውቀዋል። ሰውየው መጽሐፉን ባየ ቁጥር ያጠፋ ይመስለዋል፤ ሌላ ለመጀመርም ይፈራል። እኔ ከዚያ ለመውጣት ዓመታት ፈጅቶብኛል። አሁን አምስት ልብ ወለዶች በተከታታይ ጨርሼ ሳስበው፣ መጽሐፍ መሃል ላይ የሚቀረው አንባቢው ሰነፍ ስለሆነ እንዳልሆነ ገብቶኛል። መጽሐፍ የሚተውበት የታወቀ ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ደግሞ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ያልፈዋል። ስለ አምስቱም የምጽፈው በዚሁ መንገድ ነው፦ የት ያደናቅፋሉ፣ ለምን፣ እንዴትስ ይታለፋሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ምርጫ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳያነብ የቆየ ሰው ሲመለስ የሚያነሣው ስሙ የገነነውን መጽሐፍ ነው። የእኔው የዶስቶየቭስኪ "ወንጀልና ቅጣት" ነበር። መጽሐፉ ድንቅ ነው፤ ለመመለሻ ግን አይሆንም። ስድስት ክፍልና አንድ መደምደሚያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1866 መጀመሪያ የወጣው "ሩስኪ ቬስትኒክ" በተባለ ወርኃዊ መጽሔት ላይ በየወሩ እየተከፈለ ነው፤ ያን ጊዜ የተከታተሉት አንባቢዎች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ለማወቅ ዓመቱን ሙሉ መጠበቅ ነበረባቸው። እኛ ደግሞ በአንድ ሳምንት ካልጨረስነው ያቃተን ይመስለናል። ይህ ችኮላ ብቻውን ብዙ መጽሐፍ ያስጥላል።

የተውኩበትን ቦታ በትክክል አውቀዋለሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። ማርሜላዶቭ የሚባል ከሥራው የወጣ ሰካራም ጸሐፊ መጠጥ ቤት ውስጥ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ይይዘውና ገጽ በገጽ ላይ እየደረበ ስለ ቤተሰቡ ያወራል። አንባቢ "ይሄ ሰው ማነው? ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?" ይላል። ግን ያ ወሬ ስለ ልጁ ስለ ሶንያ የምንሰማበት የመጀመሪያው ቦታ ነው፤ የመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ በአብዛኛው የሚቆመው በእሷ ላይ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሌሎች ትልልቅ ልብ ወለዶችም ይሠራል። ገና ከመጀመሪያው አንድ የማታውቁት ሰው ረጅም ንግግር ከጀመረ፣ የሚለውን ሁሉ ለመያዝ አትድከሙ። ስለ ማን እንደሚያወራ ብቻ ያዙ። የተጠራው ስም ኋላ መምጣቱ አይቀርም።

ሁለተኛው እንቅፋት ስም ነው፤ ብዙ ቀልብ የሚወስደውም እሱ ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ጉዱ ካሣን ለማስታወስ ምንም አይቸገርም፤ ስሙ ራሱ ትርጉም ስላለው ከሰውየው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የሩሲያ ስም ግን ለእኛ ባዶ ድምፅ ነው፤ ያውም አንዱ ሰው ሦስት አራት ስም አለው። የ"ወንጀልና ቅጣት" ዋና ገጸ ባሕርይ ራስኮልኒኮቭ የሚባለው በቤተሰቡ ስም ነው። በአክብሮት የሚጠራው ሰው ሮዲዮን ሮማኖቪች ይለዋል፤ ሁለተኛው ቃል "የሮማን ልጅ" ማለት ነው። እናቱ ደግሞ በቁልምጫ ሮድያ ትለዋለች። እህቱ አቭዶትያ ሮማኖቭና ናት፤ ዱንያ ሲባልም፣ ዱኔችካ ሲባልም እሷው ናት። ይህን የማያውቅ አንባቢ ሁለቱን ወንድምና እህት እንደ አምስት ሰው እየቆጠረ ሠላሳ ገጽ ይጓዛል፤ ከዚያ ይደክመዋል። መፍትሔው አንድ ነገር ማወቅ ነው፦ በ"ቪች" የሚያልቅ የወንድ፣ በ"ኦቭና" ወይም በ"ኤቭና" የሚያልቅ የሴት የአባት ስም ነው። ወንድምና እህትም በዚህ ይታወቃሉ፤ ሮማኖቪችና ሮማኖቭና የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

ስሞቹን ለመያዝ የሚበጀው ዕልባት የሚሆን ጠንከር ያለ ወረቀት ነው፤ የመጽሐፉ ገጽ ግማሽ ያህል ቢሆን ይበቃል። ስም፣ የቁልምጫ ስም፣ የማን ምን እንደሆነ፣ ከዚያ አንድ የሚታይ ምልክት። ለአንድ ሰው ከአንድ መስመር በላይ አትጻፉ። ደብተር ይዘው የሚነሡ ሰዎች አሉ፤ ደብተር ሲሆን ማንበቡ ጥናት ይሆናል፤ ደብተሩ ሌላ ክፍል የተረሳ ቀን ደግሞ ንባቡም ይቀራል። ወረቀቱ ግን ከመጽሐፉ አይለይም። አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ እስኪመጣ ድረስ አለመጻፍም ይጠቅማል። አንዴ ታይተው የሚጠፉ ሰዎች ወረቀቱን ከሞሉት ዋናዎቹ ይጠፋሉ።

ይህን ሁሉ ከማወቄ በፊት "ወንጀልና ቅጣት"ን አስቀምጬ ትንንሾቹን ያዝኩ። መመለሻው በር ይኸው ነው። ከሕመም የተነሣ ሰው መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ነው የሚንሸራሸረው። ሁለት አጫጭር መጻሕፍት ጨርሶ መዝጋት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ከመጀመር ይሻላል፤ አእምሮ መጨረስን ራሱን ይለማመዳልና።

የሄሚንግዌይ "ሽማግሌውና ባሕሩ" እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ አጭር ልብ ወለድ ነው። ሰማንያ አራት ቀን አንድ ዓሣ ያልቀናው ሽማግሌ በሰማንያ አምስተኛው ቀን ብቻውን ይወጣል። የሚያስቸግረው ነገር ምዕራፍ የሌለው መሆኑ ነው፤ ማረፊያ ያጣ አንባቢ በዘፈቀደ ያቆማል፤ በማግስቱ ሲመለስ ባሕሩም ጀልባውም አንድ ዓይነት ስለሆኑ የት እንደነበረ ይጠፋዋል። ማረፊያውን ራሳችሁ አብጁለት። አንዱ ጀልባው ጎሕ ሳይቀድ ከወደቡ ሲወጣ፣ ሌላው ዓሣው ይዞ የመጀመሪያው ሌሊት ሲመሽ፣ ሦስተኛው ዓሣው ሲሞት። በሦስት ወይም በአራት ቁጭታ ያልቃል።

እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቀስ ብሎ የማንበብን ጥቅም ያሳየኝ ቦታ የግራ እጁ ነገር ነው። ገመዱን በጀርባው አሳልፎ እንደያዘ ግራ እጁ ይኮማተርና እንደ ጥፍር ድርቅ ብሎ ይቀራል። ሽማግሌው በእጁ ይናደድበታል፤ ያነጋግረዋል፤ ብርታት እንዲሆነው ብሎ ጥሬ ቱና እየቆረጠ ይበላል፤ የሚበላውም ለራሱ ሳይሆን ለእጁ ነው። ታሪኩን ለማወቅ ብቻ የሚሮጥ ሰው ይህን "ዓሣ በላ" ብሎ ያልፈዋል። ግን የሰውየው ብቸኝነት በሙሉ ያለው እዚያ ነው፤ ከገዛ እጁ በቀር የሚያነጋግረው የለም። ስለ መርከብና ስለ ገመድ የሚያወሩትን ቃላት እየቆሙ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ግን አያስፈልግም። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ከተመለሰና ካልገባችሁ ያኔ ፈልጉት።

ቀጥሎ የጆርጅ ኦርዌልን "አኒማል ፋርም" አነበብኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣ፣ አሥር ምዕራፍ ብቻ ያለው። ሁሉም ሰው ቀላል ነው ይለዋል፤ አነባበቡም ቀላል ነው። የሚያመልጠው ነገር ግን አለ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እንስሳቱ ሰባት ሕግ ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ፤ አንዱ ማንም እንስሳ አልጋ ላይ እንዳይተኛ የሚል ነው። ኋላ አሳማዎቹ፣ እንስሳቱ ያባረሩት የእርሻው ባለቤት ቤት ገብተው አልጋ ላይ መተኛት ሲጀምሩ፣ ክሎቨር የምትባለው ፈረስ ሕጉ ትዝ ይላትና ፍየሏን አስነብቢኝ ትላታለች። ግድግዳው ላይ አሁን የሚነበበው አንሶላ ባለው አልጋ ላይ መተኛትን የሚከለክል ነው። ክሎቨር ስለ አንሶላ የተባለ ነገር አታስታውስም፤ ግን ተጽፎ አይታዋለችና የረሳችው ይመስላታል። ገጽ ወደ ኋላ ያልገለጠ አንባቢም ልክ እንደ እሷ ይሆናል። ስለዚህ ሕጎቹ የተጻፉበት ገጽ ላይ ሁለተኛ ዕልባት አድርጉና ሕግ በተነሣ ቁጥር ተመልሳችሁ አነጻጽሩ። ደራሲው ምን እየሠራ እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በሌሎች ልብ ወለዶችም ቃል ኪዳን፣ ደብዳቤ፣ ኑዛዜ ወይም ዝርዝር ከተጻፈ ያን ገጽ ምልክት አድርጉበት፤ ደራሲ እንዲያው አይጽፈውም።

ሁለቱን ከጨረስኩ በኋላ ነው የጊዜን ነገር በቁጥር ማስላት የጀመርኩት። ሰዓት ይዛችሁ በያዛችሁት መጽሐፍ አሥር ገጽ እንደ ወትሮአችሁ አንብቡ። 25 ደቂቃ ከፈጀ አንዱ ገጽ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው፤ 600 ገጽ 1,500 ደቂቃ፣ ማለትም 25 ሰዓት ይሆናል። በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚያነብ ሰው 50 ቀን ነው። ይህን ቁጥር አስቀድሞ ማወቅ ሸክም ያቀላል፤ አሥረኛው ቀን ላይ 120 ገጽ ብቻ ሄዳችሁ ብትገኙ ልክ በመንገዳችሁ ላይ ናችሁ ማለት ነው እንጂ ዘገያችሁ ማለት አይደለም። ግቡ የገጽ ብዛት ሳይሆን ደቂቃ ይሁን። በገጽ ከሆነ ከባድ ምዕራፍ የመጣ ቀን ይዘለላል።

ከፍጥነት ይልቅ የሚገድለው ክፍተት ነው። በየቀኑ 20 ደቂቃ ያነበበ ሰው፣ እሑድ እሑድ ሦስት ሰዓት ከሚያነበው ቀድሞ ሊጨርስ ይችላል፤ የእሑዱ አንባቢ ከጊዜው ጥቂት የማይባለውን ያለፈውን በማስታወስ ይጨርሰዋልና። ከ20 ደቂቃ በታች ደግሞ ለልብ ወለድ ያንሳል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ወደ ታሪኩ ለመግባት ብቻ ይሄዳሉ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ድምፁን አጥፍቶ አጠገብ ማስቀመጥ አይበቃም። ምዕራፍ ሲያልቅ ከማቆም ይልቅ የሚቀጥለውን ምዕራፍ አንድ ገጽ አንብቦ ማቆም ይረዳል፤ በማግስቱ የሚጠብቃችሁ የተጀመረ ነገር ስለሆነ መቀመጥ አይከብድም። ስትመለሱ ያለፈውን አንድ ገጽ እንደገና አንብቡ። አራትና አምስት ቀን ካለፋችሁ ግን መጨረሻ ላይ ያነበባችሁትን ምዕራፍ ሙሉ ከመጀመሪያው ድገሙት። ኪሳራ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይቀላል።

ወደ "ወንጀልና ቅጣት" የተመለስኩት እንዲህ ተዘጋጅቼ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ። ካቆሙበት መቀጠል የሚያዋጣው የቆየው ከአንድ ወር በታች ሲሆን ነው። የያዛችሁት ቅጂ ሙሉ መሆኑንም ቀድማችሁ እዩ። ስድስት ክፍልና መደምደሚያ ከሌለው ያጠረ ነው፤ ያጠረ ልብ ወለድ ድርጊቱን እንጂ ሰዎቹን አይሰጥም። መጀመሪያ ላይ ያለውን የምሁራን መግቢያ ደግሞ ለመጨረሻ አቆዩት፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻውን እዚያው ይናገራል።

በዚህኛው ዙር ያየሁት ነገር፣ መጽሐፉ "ማን ገደለ" የሚል ታሪክ እንዳልሆነ ነው። ግድያው የሚፈጸመው የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ነው፤ የቀሩት አምስት ክፍሎች ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የወንጀል ታሪክ ጠብቆ የመጣ ሰው ሁለተኛው ክፍል ላይ "አሁንስ ምን ቀረ?" ብሎ ይተዋል። የቀረው ነገር ሰውየው ከራሱ ጋር የሚያደርገው ትግል መሆኑን ቀድሞ ያወቀ አንባቢ ግን መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቅተዋል። የዝግጅቱን ገጾች ቀስ ብላችሁ እዩ። ከቤቱ በር እስከሚገድላት፣ ዕቃ በመያዣ እየያዘች እስከምታበድረው አሮጊት ቤት ልክ 730 እርምጃ እንደሆነ ቆጥሯል። መጥረቢያው እንዳይታይ ካፖርቱ ውስጥ፣ በግራ ብብቱ በኩል፣ ማንጠልጠያ ይሰፋል። የሚያስይዘው ዕቃ አስመስሎ እንጨትና ብረት በወረቀት ጠቅልሎ አጥብቆ ያስራል፤ አሮጊቷ ቋጠሮውን ለመፍታት እንድትደክም፣ ዓይኗም ከእሱ ላይ እንዲነሣ። እርምጃ የሚቆጥርና ቋጠሮ የሚያጠብቅ ሰው ከድርጊቱ በኋላ እንዴት እንደሚሆን ስታዩ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ሊከላከልለት እንደሞከረና ምን ሊከላከልለት እንዳልቻለ ይገባችኋል።

የጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ "የመቶ ዓመት ብቸኝነት" (እ.ኤ.አ. 1967) ሌላ ዓይነት የስም ችግር አለው። እዚህ አንድ ሰው ብዙ ስም ሳይሆን ብዙ ሰው አንድ ስም ነው ያለው። የቡኤንዲያ ቤተሰብ በሰባት ትውልድ ውስጥ አውሬሊያኖና ሆሴ አርካዲዮ የሚባሉ ወንዶችን ደጋግሞ ይወልዳል። ብዙ እትሞች የዘር ሐረግ ሥዕል አላቸው፤ ይጠቅማል፤ ግን ማን ከማን እንደሚወልድ አስቀድሞ ያሳያል። እኔ የምመክረው ልጅ በተወለደ ቁጥር የራሳችሁን መሣል ነው። ከቤተሰቡ ልጆች አንዱ የሆነው ኮሎኔል አውሬሊያኖ ከአሥራ ሰባት ሴቶች የወለዳቸውን አሥራ ሰባት አውሬሊያኖዎች በየስማቸው አትመዝግቡ፤ በአንድ ክብ አስገቧቸው፤ የሚመጡትም በጅምላ ነው። ቁልፉን የምትሰጠን የቤቱ እናት ኡርሱላ ናት፤ አውሬሊያኖዎቹ ዝምተኞችና አሳቢዎች፣ ሆሴ አርካዲዮዎቹ ግልፍተኞችና ደፋሮች እንደሚሆኑ ታስተውላለች። ስሙን ጠባይ አድርጋችሁ ካያችሁት ግራ መጋባቱ ይቀንሳል። መንትዮቹ ላይ ስትደርሱ ግን ይህ ሕግ የተገላበጠ ይመስላል፤ ምክንያቱን መጽሐፉ ራሱ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከተማው በእንቅልፍ ማጣት በሽታ ይያዝና ሰው ሁሉ ነገር መርሳት ይጀምራል። አባትየው ብሩሽና ቀለም ይዞ በየዕቃው ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ወንበር፣ ሰዓት፣ በር። ኋላ ስሙ ብቻ እንደማይበቃ ይገባውና ላሟ አንገት ላይ ምን እንደሆነች፣ በየጠዋቱ መታለብ እንዳለባትም ጽፎ ያንጠለጥላል። ያን ገጽ ሳነብ በእጄ የያዝኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። የስም ዝርዝር ብቻ ከሆነ አይረዳም፤ "ምን ያደርጋል" የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት። "አማራንታ፣ ልጅ" ከሚለው ይልቅ "አማራንታ፣ እጇን በጥቁር ጨርቅ የጠቀለለች" የሚለው እስከ መጨረሻው ያደርሳል።

መተው የሚገባው መጽሐፍ የለም ማለቴ አይደለም። አንድ ምዕራፍ ከጨረሳችሁ በኋላ ከሰዎቹ የአንዱም ዕጣ ካላሳሰባችሁ፣ አጻጻፉም አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ደግማችሁ እንድታነቡ ካላደረጋችሁ፣ ይህም ሦስት ቀን በተከታታይ ከሆነ፣ በሰላም ዝጉት። ግን ዕልባቱን አውጡ። ዕልባት የተሰካበት መጽሐፍ ዕዳ ነው።

የመጨረሻው የቶልስቶይ "ጦርነትና ሰላም" ነበር። ውፍረቱ ያስፈራል፤ ግን 361 ምዕራፍ ስላለው እያንዳንዱ ምዕራፍ አጭር ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ ቢነበብ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ አራት ቀንም ይተርፋል። የሚያደናቅፈው በሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 በአንዲት እመቤት ግብዣ ይጀምራል፤ እንግዳው በገፍ ይገባል፣ በፈረንሳይኛ ይነጋገራል፣ ሁሉም ልዑል ነው። በዚያ ግብዣ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ያዙ፤ መነጽር ያደረገውን ግዙፉን ፒየርንና ልዑል አንድሬን። ሌሎቹን ተዋቸው። ቀስ በቀስ ሰዎቹን በቤታቸው መድቧቸው፦ ሮስቶቭ፣ ቦልኮንስኪ፣ ቤዙኮቭ፣ ኩራጊን፣ ድሩቤትስኮይ። አዲስ ሰው ሲመጣ "የየትኛው ቤት ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ከግማሽ በላዩ ተፈታ።

ሰላሙን አንብቦ ጦርነቱን የሚዘል አለ፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። አንድሬ ክብርን ፍለጋ ወጥቶ አውስተርሊትዝ ላይ ቆስሎ በጀርባው ይወድቃል፤ ከበላዩ ረጅምና ጸጥ ያለ ሰማይ ብቻ ይታየዋል። ያመልከው የነበረው ናፖሊዮን ራሱ አጠገቡ ቆሞ ሲናገር ከሰማዩ ጋር ሲያስተያየው ትንሽ ሆኖ ይታየዋል። ያን ምዕራፍ የዘለለ ሰው አንድሬ ቤቱ ሲመለስ ለምን ሌላ ሰው እንደሆነ አይገባውም። የጦር ስልቱ፣ የግራ ክንፍና የቀኝ ክንፍ ነገር ካልገባችሁ ግን አትጨነቁ፤ ተዋጊዎቹም አልገባቸውም፤ ቶልስቶይ ሊያሳይ የፈለገውም ይህንኑ ነው።

ሲያልቅ አንድ የመጨረሻ እንቅፋት አለ። መደምደሚያው ሁለት ክፍል ነው። የሰዎቹ ታሪክ በመጀመሪያው ያልቃል፤ ሁለተኛው አሥራ ሁለት ምዕራፍ ሆኖ ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው ምን እንደሆነ የሚከራከር ጽሑፍ ነው፤ አንድም ገጸ ባሕርይ የለበትም። ከስንት ወር በኋላ እዚህ ደርሶ የደከመ ሰው መጽሐፉን ሳይጨርስ እንደቀረ ይቆጥረዋል። የመጀመሪያውን ክፍል አንብባችሁ ዝጉ፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ስለ ፒየርና ስለ ሮስቶቮች ልጅ ስለ ናታሻ ያሰባችሁትን ሦስት አራት መስመር በዕልባቱ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ ስሜቱ ይጠፋልና። ሁለተኛውን ክፍል ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ራሱን እንደቻለ ጽሑፍ አድርጋችሁ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ አንብቡት።